የቪትዝና የኮሮላ የቫልቭ ከቨር ጋስኬት፦ ደብረ ብርሃን ላይ ከሚሸጠው የትኛው ዘይት ይይዛል?

የቫልቭ ከቨር ጋስኬት ማለት በሞተሩ የላይኛ ሽፋንና በቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ባለው የሞተሩ ራስ) መሃል ገብቶ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ማኅተም ነው። ለቸኮለ ሰው ፍርዱ ይቅደም። ለስላሳውን የላስቲክ ጋስኬት ግዙ፣ ከጎኑ አንድ ትንሽ ቱቦ ጥቁር የሞተር ሲሊኮን ጨምሩ፣ ቡሹን ለአሮጌው ዲኤክስ ኮሮላ ተዉለት። «ጋስኬት ምን ያደርጋል፣ በሲሊኮን ጥርቅም አድርገን እንዘጋዋለን» የሚላችሁን ደግሞ አመስግናችሁ እለፉት።

እዚህ የተገመገመው ሰሜን ሸዋ ውስጥ በየደጁ የሚታዩት ያረጁ ቪትዝና ኮሮላዎች ጋስኬት ነው፤ በተለይ ባለ 1.3 ሊትሩ 2ኤንዜድ እና ባለ 1.5 ሊትሩ 1ኤንዜድ ሞተር። ለሁለቱም የሚሆነው አንድ ነው፤ የቶዮታ ቁጥሩ 11213-21011 ነው። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ሂዱ፤ «የቪትዝ ጋስኬት» ማለት ብቻውን አይበቃም። ቪትዝ ባለ 1.0 ሊትር 1ኤስዜድ ሞተርም አለው፣ የሱ ጋስኬት ቅርጹ ሌላ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ኮፈኑን ከፍታችሁ የሻንሲ ታርጋውን እዩ፦ ኤስሲፒ10 ካለ 1.0፣ ኤንሲፒ10 ካለ 1.3 ነው። ኮሮላ ላይ ኤንዜድኢ120 ባለ 1.3፣ ኤንዜድኢ121 ባለ 1.5 ነው። ሱቅ ስትደርሱም «የቫልቭ ከቨር» በሉ። «የቴስታታ ጋስኬት» ካላችሁ ቴስታታውና ብሎኩ መሃል የሚገባውን ያወጡላችኋል፤ እሱ ደጅ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት ዘይቱ የሚመጣው በእርግጥ ከዚያ መሆኑን አጣሩ። ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይበትነዋል፤ ስለዚህ መሬት ላይ የተንጠባጠበበት ቦታ ምንም አይነግራችሁም። ሞተሩን አጥባችሁ አድርቁ፣ በጋስኬቱ መስመር ዙሪያ የሕፃን ፓውደር ነስንሱ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ተመለሱና በባትሪ ብርሃን እዩ። ዱቄቱ ከላይ በኩል መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ምንጩ ነው። በነዚህ ሞተሮች ላይ የቫልቭ ከቨር ተብሎ በስህተት የሚከሰሱ ሦስት ቦታዎች አሉ፦ የቪቪቲ (የቫልቮቹን የመከፈቻ ጊዜ የሚቀያይረው ክፍል) ዘይት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ኦሪንግ፣ የዘይት ግፊት ሴንሰሩ፣ እና የታይሚንግ ሽፋኑ (ካቴናውን የሚሸፍነው) ከብሎኩ ጋር የሚገናኝበት መስመር። የቪቪቲው ኦሪንግ ርካሽና ቀላል ነው። የታይሚንግ ሽፋኑ ግን ግማሽ ሞተር ያስወርዳል፤ እሱ ከሆነ ይህን ጋስኬት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ካንዴላ ስታወጡ ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካገኛችሁ ግን ክርክር የለውም፣ የላዩ ጋስኬት ወይም የካንዴላ ጉድጓዱ ማኅተም ሞቷል። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ የሚንገጫገጨውና አንዱ ሲሊንደር የሚዘለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው፤ ዘይቱ የኮይሉን (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ዕቃ) ጎማ ያላላና ብልጭታው በጎን ያመልጣል።

ወደ ዕቃው እንምጣ። የመለዋወጫ ሱቆች በር ላይ የሚቀርብላችሁ አራት ዓይነት ነው። በቶዮታ ማሸጊያ የታሸገው፤ ጋስኬት መሥራት ዋና ሥራቸው የሆኑ ፋብሪካዎች በራሳቸው ስም የሚያወጡት፣ ማለትም የጃፓኑ ስቶን፣ የጀርመኖቹ ቪክቶር ራይንዝና ኤልሪንግ፣ የስፔኑ አጁሳ፤ ስምም ቁጥርም የሌለው፣ ግልጽ ፌስታል ውስጥ ተጣጥፎ የመጣ ጥቁር ላስቲክ፤ እና ከቡሽ ወይም ከጋስኬት ወረቀት በመቀስ ተቆርጦ የሚሰጠው። ደብረ ብርሃን ያላገኙት ዕቃ ሸዋ ሮቢትም ላይገኝ ይችላል፤ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወይም መርካቶ በወጪ ወራጅ መኪና ታዛላችሁ። ለሚላክላችሁ ሰው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የአሮጌውን ፎቶም ላኩለት።

ሻጩ «ወንድሜ፣ ሁሉም ያው ላስቲክ ነው» ማለቱ አይቀርም። ያው አይደለም። ርካሹ በአብዛኛው ናይትራይል ከሚባለው ላስቲክ የተሠራ ነው። ናይትራይል ዘይት ይችላል፤ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲቆይ ግን እየደረቀ፣ እየጠነከረ ይሄዳል። የቫልቭ ከቨር ዙሪያ፣ በተለይ በጭስ ማውጫው በኩል፣ ከደብረ ሲና ጣርማ በርን ሽቅብ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጡ ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፋል። ደህናዎቹ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት አክሪሊክ ላስቲክ እስከ 150 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማል፤ የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሱቅ ቆማችሁ ይህን በዓይን መለየት አትችሉም፣ በእጅ ግን ትችላላችሁ። አሮጌውን ጋስኬት ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ አሮጌውን እጠፉት፤ የሞተ ጋስኬት እንደ ደረቅ ማካሮኒ ቀጭ ይላል፣ ከንፈሩም ክብነቱን አጥቶ በተቀመጠበት ቦይ ልክ አራት ማዕዘን ሆኖ ተቀርጿል። ቀጥሎ አዲሱን በአውራ ጣት ጥፍር ጫኑት፤ የጥፍሩ ጠባሳ ወዲያው መጥፋት አለበት። ጠባሳው ሲቆይ ካያችሁት ላስቲኩ ገና ሳይገጠም ጀምሮ ሰንፏል ማለት ነው፣ መልሱለት። ከዚያ የጋስኬቱን ዙሪያ በሁለት ጣት መሃል አሳልፉት፦ በሻጋታው መጋጠሚያ ላይ የተረፈ ስስ ላስቲክ፣ ቀዳዳ ወይም ውፍረቱ የቀነሰበት ቦታ ይሰማችኋል። ርካሾቹ ላይ ይህ መስመር ያስታውቃል፣ ዘይት የሚሾልከውም በዚያው ነው። ተጣጥፎ የከረመው ደግሞ በማጠፊያው ላይ ስብራት ይዟል። ሙቅ ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ብታስቀምጡት የተኛው እጥፋት ይቃናል፤ የነጣና የተሰነጠቀ መስመር ግን አይቃናም።

የቶዮታ ማሸጊያ ስላያችሁ ብቻ አትመኑ። ማሸጊያ መኮረጅ ላስቲክ ከመሥራት ይቀላል። ቁጥሩ ትክክል፣ ሕትመቱ ንጹሕ ሆኖ ላስቲኩ የጥፍር ፈተናውን ከወደቀ ወድቋል። በተቃራኒው ስም የሌለውም አልፎ አልፎ ጥሩ ሆኖ ይገኛል፤ ግን በዕድል ላይ የተመሠረተ ነው። እንደኛ ፍርድ ገንዘቡን ከሁሉ በተሻለ የሚመልሰው ሁለተኛው ዓይነት፣ ጋስኬት ሠሪዎቹ በራሳቸው ስም የሚያወጡት ነው፤ ከኦሪጅናሉ ይረክሳል፣ ለመኮረጅም ብዙ አያጓጓም።

ሲገዙ የካንዴላ ጉድጓዶቹን ማኅተም አትርሱ። በአንዳንዱ ሞተር ከዋናው ጋስኬት ጋር በአንድ ላይ ተያይዘው ይመጣሉ፤ በሌላው አራት ለየብቻ ናቸው። የተለያዩ ከሆኑ አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። ብሎኖቹ ሥር ያሉትን ባለ ላስቲክ ሮንዴላዎችም እዩ፣ ከደረቁ በነሱ በኩልም ያልባል።

ቡሽ ለምን ለዲኤክስ? የኬኢ70 ኮሮላ ባለ 1.3 ሊትር 4ኬ ሞተር የቫልቭ ከቨሩ ከቆርቆሮ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው፣ ጠርዙ ጠፍጣፋ ነው፣ ጋስኬቱ የሚቀመጥበት ቦይ የለውም። እዚያ ላይ ቡሽ ጥሩ ይሠራል፣ ምክንያቱም ሲጫን ይጠቀጠቃል እንጂ ወደ ጎን አይሸሽም፣ የቆርቆሮውንም ጉብጥብጥ ይሞላል። ሁለት ጠባይ ግን አለው። ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ እየተጠቀጠቀ ስለሚላላ ከጥቂት ቀን በኋላ በቀስታ እንደገና መጥበቅ ይፈልጋል፤ እና ሰዎች አጥብቀው ሲያጠብቁት የቆርቆሮው ጠርዝ በዳዶው ሥር ወደ ታች ይጎብጣል። የጎበጠውን ጠርዝ በእንጨት ላይ አስቀምጣችሁ በመዶሻ ሳታቀኑ አሥር ጋስኬት ብትቀይሩ አሥሩም ያፈሳሉ። ለኤንዜድ ሞተር ግን ቡሽ ማንም አይቁረጥላችሁ፤ የአሉሚኒየሙ ሽፋን ቦይ አለው፣ ቦዩ የሚፈልገው ከሱ ከፍ ብሎ የሚቆምና ወጥ ሆኖ የሚጨመቅ ላስቲክ ነው። የጋስኬት ወረቀትስ? ለውኃ ፓምፕ ጥሩ ነው፣ እዚህ አያስፈልግም።

አሁን ሲሊኮን። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በጋስኬቱ ሳይሆን በዚህ ነው። ሱቅ ላይ ቀይ፣ ጥቁር፣ ግራጫና ግልጽ ታገኛላችሁ። ግልጹ የመስኮትና የመታጠቢያ ቤት ነው፣ ሞተር ዘይት ሲነካው ይለቃል። ቀዩ ሙቀት ይችላል፤ ለዘይት ግን የተዘጋጀው ጥቁሩና ግራጫው ነው። ቶዮታ ለዚህ ሥራ የሚያዘው ጥቁር ማሸጊያ ቁጥሩ 08826-00080 ነው፣ ይኸው ዕቃ ስሪ ቦንድ 1207ቢ በሚል ይታወቃል። እሱን ካላገኛችሁ «ለሞተር ዘይት የሚቋቋም» ተብሎ የተጻፈበት ማንኛውም ጥቁር ይሆናል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የአገልግሎት ዘመኑን አንብቡ። ያለፈበት ሲሊኮን ከቱቦው ሲወጣ እርጥብ ይመስላል እንጂ አይረጋም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ቀለሙ ሳይሆን መጠኑ ነው። ኤንዜድ ሞተር ላይ ሲሊኮን የሚቀባው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ የታይሚንግ ሽፋኑና ቴስታታው በሚገናኙባቸው ሁለት ማዕዘኖች ላይ፣ በእያንዳንዱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የጣት ጥፍር ርዝመት የማይሞላ ነጠብጣብ። ሁለቱ ብረቶች ፍጹም እኩል ስለማይሆኑ በመጋጠሚያቸው ላይ ስስ ደረጃ ይቀራል፣ ላስቲኩ ያንን መዝለል አይችልም፤ ሲሊኮኑ የተጠራው ለዚያ ነው። ዙሪያውን ሁሉ ስትቀቡ ላስቲኩ ቦዩ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ሽፋኑ ሲጫንም የተረፈው ወደ ውስጥ ይጨመቃል። ያ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ሲረጋ ጭረት ጭረት ሆኖ ይቆያል፣ ከወራት በኋላ ዘይት አጥቦ ይነቅለዋል፣ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ወርዶ የዘይት ፓምፑ ወንፊት ላይ ይለጠፋል። የዘይት ቀይ መብራት የሚበራበት፣ ቀጥሎም ሞተሩ ማንኳኳት የሚጀምርበት መንገድ ይኸው ነው። ውጭ የሚንጠባጠብ ዘይት በጥቂት ብር ይዘጋል፤ የተቃጠለ ብሮንዚና (የክራንኩ ማረፊያ ብረት) ግን ሞተር ያስወርዳል። ጋራዥ ውስጥ የቫልቭ ከቨሩ ጠርዝ በውጭ በኩል ወፍራም የሲሊኮን ድድ ይዞ ስታዩ፣ ከውስጥም ያንኑ ያህል እንዳለ ቁጠሩት።

የደብረ ብርሃን አየር ከዚህ ጋር ጉዳይ አለው። እነዚህ ሲሊኮኖች የሚረጉት ከአየር በሚወስዱት እርጥበት ነው። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይመታታል፣ በጋው ደግሞ ደረቅ ነው። ቅዝቃዜውም ድርቀቱም መርጋቱን ያዘገዩታል። የፋብሪካው መመሪያ ሲሊኮን ከተቀባ በኋላ በ3 ደቂቃ ውስጥ ሽፋኑ እንዲቀመጥ፣ ከዚያም ቢያንስ ለ2 ሰዓት ዘይት እንዳይነካው ያዝዛል። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ሁለት ሰዓቱ ይበቃል፤ ደብረ ብርሃን፣ ሸኖ ወይም መሐል ሜዳ ከሆናችሁ ቀን ሠርታችሁ እስከ ጠዋት አሳድሩት። ሥራውንም ራሱን እኩለ ቀን ላይ ጀምሩ፦ ያረጀ የኮይል ሶኬት ፕላስቲክ በጠዋቱ ብርድ ሲጫን ምላሱ ይሰበራል፣ ፀሐይ ካሞቀው ግን እሺ ይላል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ቁጥር 10 ቡሶላ ከአጭርና ከረጅም ማራዘሚያ ጋር፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ መፋቂያ (ያለቀበት የባንክ ካርድ ይበቃል)፣ ብሬክ ክሊነር፣ የማይበጠስ ንጹሕ ጨርቅ፣ እና ከተቻለ ትንሽ ቶርክ ሬንች። ቶርክ ሬንቹን ተውሳችሁም ቢሆን አግኙ፤ ለምን እንደሆነ ታች እንመጣበታለን። ጊዜው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው፣ ግማሹ ጽዳት።

ሞተሩ ፍጹም ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ምንም ነገር ከመክፈታችሁ በፊት የላዩን አቧራ በንፋስ ወይም በብሩሽ አስወግዱ፤ ከጠጠር መንገድ የመጣ መኪና ላይ ዘይት የያዘው አቧራ ልጣጭ ሆኖ ይቆያል፣ ሽፋኑ ሲነሳ ቀጥታ ካምሻፍቱ ላይ ይወርዳል። ፎቶ አንሱ። አራቱን ኮይሎች ሶኬታቸውን ተጭናችሁ ንቀሉ፣ ሽቦውን ይዛችሁ አትሳቡ፤ ኮይሉን ከማውጣታችሁ በፊት ግራና ቀኝ ትንሽ አዙሩት። ካንዴላውን ካላወጣችሁት ጉድጓዱን በጨርቅ ሸፍኑት። ልታወጡት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ዘይት በጨርቅ ምጠጡት፣ አለዚያ ሲሊንደር ውስጥ ይፈስሳል። ሁለቱን የመተንፈሻ ጎማ ቱቦዎች በማዞር አላቁ፤ የደረቀ ከሆነ መሰንጠቁ አይቀርም፣ መተኪያውን አስቀድማችሁ ያዙ።

ሽፋኑን የያዙት 9 ብሎንና 2 ዳዶ ናቸው። ከዳር ወደ መሃል፣ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየዘለላችሁ፣ በሁለት ዙር አላሏቸው። ርዝመታቸው እኩል ላይሆን ስለሚችል ካርቶን ላይ የሽፋኑን ቅርጽ ስላችሁ በቦታቸው ውጉ። ሽፋኑ አልነሳ ካለ ጎኑን በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርጉት። በካቻቪቴ መሃሉን መፈልቀቅ ቀላል ይመስላል፤ አሉሚኒየሙን ከጫራችሁት ግን በዚያች ጭረት የሚያልፈውን ዘይት ምንም ጋስኬት አያቆመውም።

ከተነሳ በኋላ ካቴናውንና ካምሻፍቱን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፤ ስንት ጨርቅ እንዳስገባችሁ ቁጠሩ፣ ስትጨርሱ ያንኑ ያህል ይውጣ። አሮጌ ሲሊኮን ካለ በፕላስቲኩ ፋቁ፤ ምላጭ በጥንቃቄ ይሆናል፣ ብርጭቆ ወረቀትና የሚሽከረከር መጥረጊያ ግን አይሆንም። የሚረግፈው ብናኝ በዘይት በኩል ብሮንዚና ድረስ ይደርሳል። ሽፋኑን ላምባ ወይም ናፍጣ ውስጥ እጠቡት፤ ከሥሩ የተሰካው ቆርቆሮ ጀርባ ጥቁር ጭቃ ይይዛል፣ እሱ ካልወጣ መተንፈሻው ይደፈናል። ሁለቱንም ፊቶች በመጨረሻ በብሬክ ክሊነር ጥረጉና ይድረቁ። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ስታሳልፉበት ነጭ ሆኖ መውጣት አለበት። ዘይት የነካ ፊት ላይ ሲሊኮን አይዝም፣ ነገሩ በቃ ይኸው ነው።

ጋስኬቱ ደረቅ ሆኖ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ከማዕዘኖቹ ጀምሩ፣ ከዚያ መሃል መሃሉን ተጫኑ፤ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ እየሳባችሁ ከሄዳችሁ ይረዝምና መጨረሻው ላይ ይተርፋችኋል። ዙሪያውን ከቦዩ አንድ ወጥ ሆኖ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ሽፋኑን ገልብጣችሁ አንዴ ነቅንቁት፣ ካልወደቀ ዝግጁ ነው። ሲሊኮኑን በሁለቱ ማዕዘኖች አድርጉ፣ ሽፋኑን ወደ ጎን ሳትጎትቱ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የተቆነጠጠ ጋስኬት የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ በኋላ በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው፣ በጣታችሁ ዳሱት። ሁሉንም ብሎኖች በእጅ አስገቡ። አንዱ በጣት አልገባ ካለ ጠማማ ገብቷልና አውጡት።

መጥበቁ ላይ እንቆይ፤ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። የታዘዘው ጉልበት 10 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ይህ በሁለት ጣት በተያዘ አጭር ቁልፍ «ያዘ» ሲላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ ገፋ እንደማድረግ ነው። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር አድርሱት። «ዘይት እንዳያፈስ ደህና አድርገን እንሰረው» የሚል መካኒክ ሁለት ነገር ያበላሻል፦ ላስቲኩ ከልኩ በላይ ሲጨመቅ ከንፈሩ ይቀደዳል፣ አሉሚኒየሙ ውስጥ ያለው የ6 ሚሊ ጥርስ ደግሞ ተላጦ ይወጣል። የተበላ ጥርስ ሄሊኮይል (ጥርሱን የሚተካ ጥምጥም ሽቦ) ማስገባት ይጠይቃል፣ ለዚያ ደግሞ ቴስታታው መኪናው ላይ እያለ መብሳት አለ፣ ብናኙም ወደ ውስጥ ይወድቃል። ቶርክ ሬንች የተባለው ለዚህ ነው። እንደ ቡሹ ከቀናት በኋላ ደግሞ ማጥበቅም አያስፈልግም፤ ላስቲክ አንዴ በልኩ ከተያዘ አይነካም።

ሁሉን መልሳችሁ፣ ሲሊኮኑ ረግቶ ስታስነሱ ለአሥር ደቂቃ በቀስታ ይሥራ። በመስታወትና በባትሪ የኋላውን መስመር እዩ። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ጭስና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ቢኖር ጭስ ማውጫው ላይ የቀረው አሮጌ ዘይት ነው፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላም ካልጠፋ እንደገና አጣሩ። ጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት በቸልታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፣ እሳት ያስነሳል።

በጥሩ ጋስኬት፣ በትክክል ገጥማችሁም ዳግመኛ ካፈሰሰ ጥፋቱ የጋስኬቱ ላይሆን ይችላል። የሞተሩ ትንፋሽ ተዘግቶ ይሆናል። በፒስተን ፋሻዎቹ በኩል ወደ ታች የሚያመልጠው ጋዝ በፒሲቪ ቫልቩ በኩል ወደ ማኒፎልዱ ተመልሶ መቃጠል አለበት። ቫልቩ በዝቃጭ ሲደፈን ጋዙ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በጣም ደካማ የሆነውን መውጫ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ የቫልቭ ከቨሩ ጋስኬት ነው። በመንገዳችን ላይ ይህ ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት አለ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጡ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ዋሻ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ ጥግ ተረግጧል፤ የማኒፎልዱ መሳብ ይዳከማል፣ በፋሻ በኩል የሚያመልጠው ጋዝ ደግሞ በዚያችው ሰዓት ከፍተኛ ነው። ሜዳ ላይ ደረቅ ሆኖ የሚውል፣ ዳገት በወጣ ቁጥር የሚያልብ ሞተር ካላችሁ ፒሲቪውን ነው የምትጠረጥሩት።

ፒሲቪው በቫልቭ ከቨሩ ላይ የተጠመደ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሽፋኑ ተፈትቶ እያለ ማየቱ ምንም ተጨማሪ ሥራ የለውም። ነቅንቁት፣ ውስጡ ቋ ቋ ማለት አለበት። ንጹሕ ቱቦ ሰክታችሁ በሞተሩ በኩል ንፉበት፣ አየር በቀላሉ ማለፍ አለበት፤ በማኒፎልዱ በኩል ስትነፉ ደግሞ በግድ ካልሆነ ማለፍ የለበትም። ሁለቱን ካላሟላ አጥቦ መመለስ ለጊዜው ያገለግላል፣ መቀየሩ ግን ይሻላል፤ ዋጋው ከጋስኬቱ ብዙም አይርቅም። ፒሲቪው ደህና ሆኖ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ስታነሱ ጭስ እየተነፈሰ የሚገፋችሁ ከሆነ ግን ፋሻ ጨርሷል። ያኔ የየትኛውም አገር ጋስኬት አያቆመውም።

በመጨረሻ ስለ ሁለት ዕቃዎች። ዘይት ውስጥ የሚጨመሩት «ሊክ ስቶፕ» ተብለው የሚሸጡት ፈሳሾች የደረቀ ላስቲክ ለማላላት የተሠሩ ናቸው፤ ሁልጊዜ በዘይት በተነከረ የዘንግ ማኅተም ላይ ትንሽ ይረዱ ይሆናል፣ ቦዩ ውስጥ ተጨፍልቆ ቅርጹን ያጣ የቫልቭ ከቨር ጋስኬትን ግን አያነሱትም። አትግዙ። እንዲሁም ማፍሰሱን ይቀንሳል ብለው 5ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-30 ለሚወስድ ኤንዜድ ሞተር 20ደብሊው-50 የሚሞሉ አሉ። ሸዋ ሮቢት ላይ ብዙ ላይታወቅ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን በውርጭ ጠዋት ወፍራሙ ዘይት ካምሻፍቱና ካቴናው ጋ ለመድረስ ይዘገያል፤ ስታስነሱ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማው የካቴና ኳኳታ እሱ ነው፣ በየቀኑ ሲደጋገም ካቴናውንና ወጣሪውን ይበላል። ዘይት ስትቀይሩ ለሞተሩ ከታዘዘው ቁጥር አትውጡ፤ 1ኤንዜዱ ከፊልትሩ ጋር 3.7 ሊትር ገደማ ይወስዳል፣ ባለ 4 ሊትር ጋሎን ገዝታችሁ የተረፈውን ለመሙያ አስቀምጡት።